የልጄ እርምጃ፣ ፋይል 00012

የልጄን የመጀመሪያ እርምጃ ቪዲዮ ለእናቴ ላክሁላት። ስልኳ አልከፍት አለ። ለካ ካሜራው የቀዳው ኤቪሲኤችዲ በሚባል የቪዲዮ ካሜራዎች የመቅጃ ፎርማት ነው። ካርዱን ስከፍት ፎልደር ውስጥ ሌላ ፎልደር፣ እዚያ ውስጥ "00012" የሚል ፋይል። ያ ሁሉ ደስታ ቁጥር ሆኖ ተቀምጧል!

ስልኮች በቀላሉ ወደሚከፍቱት የቪዲዮ ፎርማት፣ ወደ ኤምፒ4 ቀይሬ መልሼ ላክሁ። እማዬ ደጋግማ ያየችው፣ ልጄ ልትወድቅ ስትል እጇን ወደ ካሜራው የዘረጋችበትን ቦታ ነው።

ከዛሬ ጀምሮ የምቀዳው በኤምፒ4 ነው። ኤቪሲኤችዲ ጥራት አያንሰውም፤ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም ምስሉን የሚጨምቁት ኤች.264 በሚባል አንድ ዓይነት ዘዴ ነው። ግን እማዬ ስልክ ላይ መከፈት አለበት።

አሁን የድሮዎቹን አንድ በአንድ እየቀየርኩ ነው። ኦሪጅናሎቹን ግን አልሰርዝም።