ሰርቨሩ ሥራ ፈትቶ ሰው የተሰለፈ ዕለት

ሰርቨሩ ላይ ስገባ የጠበቅኩት በሥራ የተጨናነቀ ማሽን ነበር። ፕሮሰሰሩ ግን ሥራ ፈትቶ ቁጭ ብሏል። ሜሞሪውም ገና ብዙ ቦታ አለው። ታች ካውንተሩ ጋ ባለሱቆች ተሰልፈው «ሲስተም የለም» እየተባሉ ነው። የፋሲካ ሰሞን ነው። ዘይትና ዱቄት ዛሬ ካልወሰዱ የበዓሉ ገበያ ያመልጣቸዋል።

ቦታው ከብሔራዊ ቴአትር ብዙም የማይርቅ ሕንጻ ነው። ድርጅቱ በጅምላ ያከፋፍላል። ሁለት ዳታቤዝ አለው፤ ሁለቱም ፖስትግሬስ በሚባለው የዳታቤዝ ሶፍትዌር የሚሠሩ ናቸው፣ ግን በተለያየ ሰርቨር ላይ። አንዱ የመጋዘኑን ዕቃ ይመዘግባል፤ ሌላው ባለሱቆቹ አስቀድመው ያስገቡትን ገንዘብ።

መጀመሪያ ሁሉም ኔትወርኩን ጠረጠረ። ቀጥሎ «አጥፍታችሁ አብሩት» ተባለ። ሲበራ ይሠራል፤ ትንሽ ቆይቶ እንደገና ቀጥ። ሥራ አስኪያጁ አዲስ ሰርቨር ለመግዛት ፕሮፎርማ ማሰባሰብ ጀምረው ነበር። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ደግሞ «የሰርቨሩን መዝገብ፣ ሎጉን፣ አይቼዋለሁ፤ ዴድሎክ የሚል ነገር የለም» አለኝ። ዴድሎክ ማለት ሥራዎች እርስ በርስ ተጠባብቀው ሁሉም ሲቆሙ ነው። እውነቱን ነው፣ የለም። እኔን ያሳሰበኝም ይኸው ነበር።

ፖስትግሬስ ትራንዛክሽኖች (ወይ ሙሉ በሙሉ የሚፈጸሙ ወይ ጨርሶ የሚሰረዙ ሥራዎች) ተጠባብቀው ሲቆሙ ራሱ ይደርስበታል። አንዱ ሎክ፣ ማለትም ሌላው የቆለፈው መረጃ እስኪለቀቅ፣ ሲጠብቅ 1 ሰከንድ ካለፈው ማን ማንን እንደሚጠብቅ ያጣራል፤ ካልቀየራችሁት መጠኑ ይህ ነው። ጥበቃው ዞሮ ራሱ ላይ ከገጠመ አንዱን ሰርዞ ሌላውን ያሳልፋል። የሚያየው ግን በራሱ ሰርቨር ውስጥ ያለውን ብቻ ነው።

ሁለቱን ሰርቨሮች ጎን ለጎን ከፈትናቸው። የሽያጩ ፕሮግራም መጀመሪያ ዕቃውን ይቆልፋል፤ ከዚያ ከባለሱቁ ሂሳብ ሊቀንስ ይሄዳል። የተመላሽ ዕቃው ፕሮግራም ግን የሚጀምረው ከሂሳቡ ነው፤ ዕቃውን የሚነካው በኋላ ነው። አንድ ባለሱቅ ዘይት እያዘዘ በዚያው ቅጽበት የመለሰው ዘይት ሲመዘገብለት ይጋጠማሉ። ሽያጩ ዘይቱን ይዞ ሂሳቡን ይጠብቃል። ተመላሹ ሂሳቡን ይዞ ዘይቱን ይጠብቃል። እያንዳንዱን ሰርቨር ለብቻው ካያችሁት አንድ ያዥና አንድ ጠባቂ ብቻ ነው ያለው፤ ምንም ችግር አይታይም። ፖስትግሬስ ደግሞ ካልተነገረው በቀር ሎክ ለመጠበቅ የጊዜ ገደብ የለውም። እስከ ማታ ይጠብቃል።

አንዱን ትራንዛክሽን በእጃችን ስንገድለው ወረፋው ወዲያው ተንቀሳቀሰ።

የሂሳብ ክፍሏ እትዬ አጠገባችን ቆመው ነበር። «እንጀራ ልትጋግሩ አንዷ ምጣዱን ይዛ አክንባሎ ስትጠብቅ፣ ሌላዋ አክንባሎውን ይዛ ምጣድ ስትጠብቅ ማለት ነው» አልኳቸው። ገባቸው። ግን የጠየቁኝ ጥያቄ ከእኔ ምሳሌ ይበልጥ ነበር፦ «እሺ ልጄ፣ ሁለት ሰው ተያይዞ ሁላችንም ለምን ቆምን?»

ምክንያቱም ያንን ዘይት የሚፈልግ ሁሉ ከኋላ ይሰለፋል። እያንዳንዱም ሲጠብቅ አንድ ግንኙነት ይዞ ነው። ፖስትግሬስ እንደመጣ ሲተከል የሚፈቅደው 100 ግንኙነት ነው። ያ በጠባቂዎች ሲሞላ፣ ስኳር ብቻ የፈለገ ሰው እንኳ በር ላይ ይቀራል። ይህ ለሥራ አስኪያጁም መልስ ሆነ። ሰርቨሩ እጥፍ ቢሆን ኖሮ እጥፍ ሰው ሥራ ፈትቶ ይጠብቅ ነበር። ፕሮፎርማው ቀረ።

እ.ኤ.አ. በ1971 ኮፍማንና ሁለት ባልደረቦቹ ዴድሎክ የሚፈጠረው አራት ነገሮች አንድ ላይ ሲገኙ መሆኑን ጽፈዋል፦ ንብረቱ ለአንድ ብቻ ሲሆን፣ ይዞ ሌላ መጠበቅ ሲኖር፣ የተያዘው በግድ የማይነጠቅ ሲሆን፣ ጥበቃውም ዙሪያ ሲገጥም። ከአራቱ አንዱን ማፍረስ ይበቃል። እኛ የመጨረሻውን መረጥን፤ ማንም ፕሮግራም መጀመሪያ ዕቃ፣ ቀጥሎ ሂሳብ። በአንድ ትእዛዝ ብዙ ዕቃ ካለም በዕቃው ቁጥር ቅደም ተከተል ይቆለፋል። የአይቢኤሙ ሃቨንደር ይህንን መንገድ እ.ኤ.አ. በ1968 አስፍሮት ነበር። እስካሁን ከእሱ የቀለለ አላየሁም።

ተመላሹን የጻፈው ባልደረባችን ተቃወመ። «ሰውየው በእርግጥ መግዛቱን ከሂሳቡ ሳላረጋግጥ ዕቃ እንዴት እነካለሁ?» አለ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ተከራከርንበት። በመጨረሻ ሂሳቡን ሳይቆልፍ እንዲያነበው ተስማማን፤ ፖስትግሬስ ላይ ተራ ንባብ የሌላውን የጽሑፍ ሎክ አይጠብቅም። ከዚያ በተራው ዕቃውን ይቆልፋል፣ ሂሳቡን ይቆልፋል፣ የተቆለፈውን ደግሞ እንደገና ያጣራል። በመሃል የተቀየረ ነገር ካለ ይተወዋል።

ለመጠባበቂያ የ3 ሰከንድ ገደብም ጨመርን። ያለፈበት የያዘውን ሁሉ ለቆ እንደገና ይሞክራል፤ ግን የሚቆይበት ጊዜ በዘፈቀደ ይለያያል። ሁለቱ እኩል ለቀው እኩል ከተመለሱ እንደገና ይጋጠማሉና።

አሁን ሦስተኛ ሰርቨር እየመጣ ነው፤ የጭነት መኪና ስምሪት። ተራው ከሂሳብ በኋላ ነው ብለናል። የስምሪቱ ሰዎች ግን መኪናውን አስቀድመው መያዝ ይፈልጋሉ፤ ክርክሩ ገና አላለቀም።