ለግሩፓችን ባልደረባ ስንመርጥ

ሰሞኑን የጸሎት ግሩፓችን ውስጥ አንድ ጥያቄ ገብቶ መነጋገሪያ ሆኗል። ባልደረባ ቅዱሳችን፣ ጠባቂና አማላጃችን ማለት ነው፣ ማን ይሁን? ጥያቄውን ያነሱት ሆሳዕና ያሉ እናታችን ናቸው። "ማኅበር ተብሎ ያለ ቅዱስ እንዴት ይሆናል ልጆቼ?" አሉ በድምፅ መልእክት። እውነታቸውን ነው። እኛ አገር ሰው ማኅበር ገባሁ ሲል ወዲያው "የማን?" ይባላል። የሚካኤል፣ የማርያም፣ የገብርኤል ብሎ ይመልሳል። እኛ ግን ይህን ሁሉ ጊዜ አብረን ስንጸልይ ስማችን "የማታ መቁጠሪያ" ከመባል አላለፈም።

ቴሌግራም ላይ የምንገናኝ ካቶሊኮች ነን። ከእምድብር፣ ከሆሳዕና፣ ከአዲግራት፣ ከአዲስ አበባ። ከፊሎቻችን አገር ቤት ነን፣ ሌሎቹ ቤይሩት፣ ዱባይ፣ ኩዌት፣ ሪያድ ናቸው። ውጭ ካሉት ብዙዎቹ ኮንትራት የሄዱ እህቶች ናቸው። ማታ አንዱ መቁጠሪያ ይመራል፣ ሌላው ይቀበላል፣ በሰዓቱ መግባት ያልቻለ ደግሞ የተቀዳውን በኋላ ከፍቶ አብሮ ይደግማል። ዱባይና ኩዌት ቤተክርስቲያን አለ፤ ፈቃድ ያገኘች ሄዳ ታስቀድሳለች። ሳውዲ ግን ቤተክርስቲያን የሚባል ነገር የለም። እዚያ ላለች ሴት ቁምስናዋ፣ አጥቢያዋ፣ ይህ ግሩፕ ነው ብል አላጋነንኩም።

የሪያዷን እህታችንን ላንሳ። ድምፅዋን ስትልክ ከኋላ የሳህን ድምፅ ይሰማል፣ ውሃ ይፈስሳል። "ቅድስት ማርያም..." ትልና ድንገት ዝም ትላለች። ኮቴ ሰምታ ነው። ትንሽ ቆይታ ካቆመችበት ትቀጥላለች። መቁጠሪያ የላትም፣ በጣቷ ነው የምትቆጥረው። አንድ እጇ ስልኩን ስለሚይዝ በሌላኛው አምስቱን ጣት ሁለት ጊዜ ትዞራለች፣ አሥር ይሞላል። ይህን የነገረችን ሌላዋ አዲስ ገቢ "መቁጠሪያ የለኝም፣ ምን ላድርግ?" ብላ ስትጠይቅ ነው እንጂ ስለራሷ ብዙ የምታወራ ሰው አይደለችም።

እንግዲህ ለእንደዚህ ያለ ግሩፕ ነው ባልደረባ የምንፈልገው።

ወጣቶቹ አላመነቱም። ካርሎ አኩቲስ! እኔም ካርሎን ከልቤ እወደዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1991 ለንደን ተወልዶ ሚላን ያደገ ልጅ ነው፣ በ15 ዓመቱ በ2006 በደም ካንሰር ያረፈ። ኮምፒውተር ራሱ ተምሮ፣ በዓለም ላይ የተደረጉ የቅዱስ ቁርባን ተአምራትን እየሰበሰበ ሰው ሁሉ እንዲያያቸው ኢንተርኔት ላይ አስቀመጠ። አሲዚ ያለው መቃብሩ ውስጥ በጂንስና በስኒከር ነው የሚታየው። መስከረም 2025 ላይ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ 14ኛ ቅድስናውን ሲያውጁ ግሩፑ ውስጥ እልልታ በድምፅ መልእክት ሲጎርፍ ነበር። አንዱ ልጅ "ኢንተርኔት ላይ ነው ያለነው፣ የኢንተርኔቱን ቅዱስ ካልመረጥን ማንን ልንመርጥ ነው?" አለ።

ነገሩ ልክ ይመስላል። እኔ ግን እዚህ ጋ ነው የተለየሁት። በዚህ ከሄድን ሌሎችም አሉ። ሊቁ የሴቪሊያው ኢሲዶሮስ አለ፣ የዘመኑን እውቀት በ20 መጻሕፍት ስለሰበሰበ ብዙ ሰው የኢንተርኔት ጠባቂ ይለዋል። መልአኩ ገብርኤል አለ፣ ፒዮስ 12ኛ በ1951 የቴሌኮሙኒኬሽን ባልደረባ ብለው ሰይመውታል። ቅድስት ክላራ እንኳ የቴሌቪዥን ጠባቂ ናት፤ ታማ ከአልጋዋ መነሳት ባቃታት የልደት ሌሊት ቅዳሴው ካለችበት ሆና ስለታያት። (ይህን ታሪክ በጣም ነው የምወደው። ቅዳሴ ሄዶ ማስቀደስ ያልቻለ ሰው ያውቀዋል።) ግን ሰው ለእድሩ ባልደረባ ሲመርጥ የድንኳን ጠባቂ ማነው ብሎ አይጠይቅም። ቴሌግራም የተሰበሰብንበት ነው። የሰበሰበን ሌላ ነገር ነው።

ታላላቆቻችን አቡነ ያዕቆብን አሉ፣ ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስን። ከደቡብ ጣሊያን ተነስተው በ1839 ወደ እኛ የመጡት፣ ቋንቋችንን ተምረው፣ ልብሳችንን ለብሰው፣ ምግባችንን በልተው፣ በግዕዝ ሥርዓት የኖሩት አባት ናቸው። በ1860 እዚያው በረሃ መንገድ ላይ ነው ያረፉት። ደቀ መዝሙራቸው ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤልም ተነሱ፣ የጎጃሙ ሊቅ፣ በሰንሰለት ታስረው ሲንገላቱ በ1855 ያለፉት። እነሱን የሚቃወም አፍ የለኝም። ለኢትዮጵያ ካቶሊክ ግን ሳንመርጣቸውም አባቶቻችን ናቸው፣ በየቁምስናው ስማቸው ይጠራል።

ቀጥሎ የተጠራችው የሊዚዮዋ ተሬዛ ነበረች። እዚህ ላይ ልቤ ተንቀሳቀሰ። ተሬዛ በ15 ዓመቷ ገዳም ገብታ ከዚያ ሳትወጣ በ24 ዓመቷ ያረፈች ናት፣ ግን ፒዮስ 11ኛ በ1927 የሚሲዮኖች ባልደረባ አድርገዋታል። በ1895 ሞሪስ ቤሊየር የሚባል የዘርአ ክህነት ተማሪ አንዲት መነኩሲት እንድትጸልይለት ወደ ገዳሟ ጻፈ፣ አለቃዋም ለተሬዛ ሰጠቻት። እስክትሞት ድረስ ተጻጻፉ። በአካል ተያይተው አያውቁም። እሱ ድካሙን ይነግራታል፣ እሷ ታበረታታዋለች፣ ወንድሜ ትለዋለች። የእኛን ግሩፕ ለሚያውቅ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ስንቶቻችን ነን ፊቱን አይተነው የማናውቀውን ሰው እናት ስትታመም አብረን ያለቀስነው። ተሬዛ ብትሆን ኖሮ ደስ ብሎኝ እቀበል ነበር።

እኔ የጠራሁት ስም ግን ጆሴፊን ባኪታ ነው።

ባኪታ የጎረቤታችን የሱዳን ልጅ ናት፣ የዳርፉር። በ1869 ገደማ ተወለደች። ልጅ ሆና ሰዎች ከመንደሯ ዳርቻ ጠልፈው ወሰዷት። በባዶ እግሯ ብዙ ቀን እየነዱ አል-ኡበይድ ድረስ አደረሷት። ተሸጠች፣ እንደገና ተሸጠች። ከድንጋጤው የተነሳ እናትና አባቷ ያወጡላትን ስም ረሳችው፣ እስክትሞትም አላስታወሰችውም። ባኪታ ያሏት ጠላፊዎቹ ናቸው። ከጌቶቿ አንዱ ቤት ሰውነቷን በስለት እየቀደዱ ቁስሉ ላይ ጨው ነሰነሱበት፣ ጠባሳው አብሯት ኖረ። በመጨረሻ ካርቱም ላይ የጣሊያን ቆንስል ገዛት፣ በ1885 ጣሊያን ገባች፣ ለአንድ ቤተሰብ ተሰጠችና የልጃቸው ሞግዚት ሆነች።

ሞግዚት። የሰው አገር፣ የሰው ቤት፣ የሰው ልጅ። ከዚህ በላይ ለእህቶቻችን ሕይወት የሚቀርብ ቅዱስ ካለ ንገሩኝ።

ይህን ጽፌ ስልክ እንዳስቀመጥኩ ተቃውሞ መጣ፣ ከጠበቅሁት ቦታም አይደለም። ቤይሩት ያለችው እህታችን በድምፅ ነበር የመለሰችው፣ ተቆጥታለች። "እኔ ሠርቼ ነው የምበላው፣ ቤተሰቤን የማስተዳድረው እኔ ነኝ። ተሽጬ አልመጣሁም። የባሪያ ቅድስት ለምን ትመርጡልናላችሁ? አገር ቤት ያለው ሰው ሁሌ እያዘነልን ሰለቸን" አለች። ግሩፑ ጸጥ አለ። ሐቅ አላት። ስለ አረብ አገር ሴቶች ሲወራ ወይ ፎቅ የወደቀች ወይ የተደበደበች ናት የሚወራላት፤ የትምህርት ቤት የምትከፍል፣ ቤት የምታሠራ፣ ወንድም የምታስመርቅ ሴት ናት ብሎ የሚያነሳት የለም። በሐዘኔታ ብቻ ከሆነ የምንመርጠው ባኪታንም እነሱንም በደልን ማለት ነው።

ስለዚህ ያላወራሁትን የታሪኩን ክፍል ጻፍኩ። የቤቱ እመቤት ሱዳን፣ ሱዋኪን ወዳለው ሆቴላቸው ስትሄድ ባኪታንና ልጅቷን ቬኒስ፣ የካኖሳ መነኮሳት ዘንድ ትታቸው ነበር። ባኪታ እዚያ ትምህርተ ክርስቶስ ተማረች። እመቤቲቱ ተመልሳ "ነይ እንሂድ" ስትላት ባኪታ "አልሄድም" አለች። ልጅቷን ትወዳታለች፣ እመቤቲቱም ክፉ አልሆነችባትም ነበር፣ ግን አልሄድም። ሴትየዋ እስከ ባለሥልጣን ድረስ ሄደች። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰና ኅዳር 29 ቀን 1889 (በፈረንጆቹ ነው) ባኪታ በሕግ ፊት ባሪያ ሆና እንደማታውቅ፣ ነፃ ሰው እንደሆነች ተወሰነ። ከዚያ መቆየትን መረጠች። ጥር 9 ቀን 1890 ተጠመቀች፣ በኋላም መነኮሰች። ስኪዮ በምትባል ከተማ ለረጅም ዓመት ምግብ አብሳይ፣ የመቅደስ ዕቃ ጠባቂ፣ በኋላ በረኛ ሆና ኖረች። በር የሚያንኳኳውን ሁሉ የምትቀበለው እሷ ነበረች። የከተማው ሰው "ጥቁሯ እናታችን" ይላት ነበር። ታሪኳንም በ1910 እሷ እየተናገረች ሌላ መነኩሲት ናት የጻፈችላት። እኛ ግሩፕ ውስጥም መጻፍ የሚከብዳቸው በድምፅ ይልካሉ፣ ሌላው ይጽፍላቸዋል።

የቤይሩቷ ወዲያው አልመለሰችም። በማግስቱ ከእሷ ቀድማ የሪያዷ መጣች። እንደ ወትሮው ውሃ እየፈሰሰ። አሰሪዎቿ የሚጠሯት በሌላ ስም ነው፣ ፓስፖርቷ ላይ ያለውም ደላላው ያወጣላት ስም ነው። "ክርስትና ስሜን የምሰማው እዚህ ግሩፕ ውስጥ በምልጃ ጸሎት ስትጠሩኝ ብቻ ነው" አለች። "እኔ የራሴን አልረሳሁም። እሷ ግን ረስታው እንኳ እግዚአብሔር አልጠፋትም። እኔ እሷን ነው የምፈልገው።" ከዚህ በኋላ እኔ የምጨምረው ነገር አልነበረኝም።

አንድ ወንድም "ሊቀ ጳጳሱ ሳይፈቅዱ መምረጥ ይቻላል ወይ?" ብሎ ጠይቆ ነበር፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። የሚያስተምሩንን አባ ጠየቅናቸው። ለአገር ወይም ለሀገረ ስብከት ባልደረባ ሲሰየም ሕዝቡና ካህናቱ ይመርጣሉ፣ ጳጳሱ ይስማማሉ፣ ሮም ታጸድቃለች። እንደኛ ያለ በራሱ የተሰበሰበ የጸሎት ቡድን ግን በቤተክርስቲያን ከታወቁት ቅዱሳን የወደደውን ይዞ መጸለይ ይችላል አሉን። ባኪታን ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ2000 ነው ቅድስት ያወጇት፣ ቀኗም ያረፈችበት የፈረንጆቹ የካቲት 8 ነው። ያው ቀን ከ2015 ጀምሮ በዓለም ዙሪያ ስለ ሰው ንግድ ሰለባዎች የሚጸለይበት ሆኗል። በእኛ አቆጣጠር የካቲት 1 ላይ ይውላል፣ ለመያዝም ቀላል ነው።

ድምፅ ሲሰጥ ባኪታ አለፈች። ወጣቶቹ ትንሽ ቅር ብሏቸዋል፣ ግን የካርሎን ቀን (በእኛ ጥቅምት 2) እነሱ እንዲያዘጋጁት ተስማምተናል፣ ወደፊትም እሱን እንደ ታናሽ ወንድም ይዘነው ነው የምንቀጥለው። የሆሳዕናዋ እናታችን ባኪታን ከዚህ በፊት ሰምተዋት አያውቁም ነበር። ታሪኳን ሲሰሙ "ይቺ ልጅ እናቷን አላገኘችም በቃ?" ብለው ጠየቁ። አላገኘቻትም። "እንግዲያው እኔ እናቷ እሆናለሁ" አሉ። ቅድስት ናት እኮ እናቴ፣ እሷ ናት የምትጸልይልዎት ብላቸውም አልሰሙኝም።

የዘጠኝ ቀኑን ጸሎት ጥር 22 እንጀምራለን። ሰዓቱን ለሪያድ እንዲመች ወደ ሌሊት ገፍተነዋል፣ አገር ቤት ያለነው እንነሳለን። ታሪኳን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያደረገች የምታነበው የቤይሩቷ ናት፣ ራሷ ነች የጠየቀችው። ከጠለፋው ሳይሆን ከፍርድ ቤቱ ነው የምጀምረው ብላለች።