ካርዱ ላይ ምን ይጻፍ?

ለሐራጅ የሚቀርብ ዕቃ መግለጫ ካርድ መጻፍ የሥራ ድርሻዬ አይደለም። ባሕር ዳር ውስጥ ከጣና ዳር ባለ አንድ ሆቴል የአዳራሽ ዝግጅት አስተባባሪ ነኝ። ሥራዬ ወንበር ማስደርደር፣ ድምፅ ማጉያ ማስፈተሽና የተናጋሪዎችን ሰዓት ከምሳው ሰዓት ጋር ማስታረቅ ነው። አንድ የቀድሞ ተማሪዎች ኮሚቴ ለትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ማደሻ ገንዘብ ለማሰባሰብ አዳራሹን ሲከራይ ግን ሊቀ መንበሩ አዲስ ሐሳብ ይዞ መጣ። እንደ ወትሮው ድፎ ዳቦ ብቻ አይደለም ለጨረታ የሚቀርበው፤ የቀድሞ ተማሪዎች ከየቤታቸው የማስታወሻ ዕቃ ያመጣሉ፤ እያንዳንዱ ዕቃ በነጭ ጨርቅ ላይ ይቀመጣል፣ መብራት ይበራበታል፣ ከፊቱ ካርድ ይቆማል። «በቴሌቪዥን እንደምናየው» አለኝ። ካርዱን የሚጽፍ ሰው ስላልተገኘ ሥራው እኔ ላይ ወደቀ።

የሚወዳቸውን ፕሮግራሞች እኔም አውቃቸዋለሁ። በላስ ቬጋስ ያለ የመያዣ ብድር ሱቅ ውሎን የሚያሳየው «ፖን ስታርስ» እ.ኤ.አ. በ2009 ጀመረ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ኪራያቸው ያልተከፈለ መጋዘኖች ሲሸጡ የሚያሳየው «ስቶሬጅ ዋርስ»ና የፊልም አልባሳትና ቁሳቁስ ሐራጅ የሚከታተለው «ሆሊውድ ትሬዠር» መጡ። አካሄዳቸው ይመሳሰላል። አቧራ የለበሰ ዕቃ ይወጣል፣ ባለሙያ ይጠራል፣ ዋጋው ይነገራል፣ ካሜራው የባለቤቱ ፊት ላይ ይቆያል። ማታ ከሥራ ደክሞ ለገባ ሰው የሚጠላ አይደለም።

ሊቀ መንበሩ ባለሙያ ሲያፈላልግ ቅዳሜ ቅዳሜ በረንዳችን ላይ ቡና የሚጠጡ ሦስት ደንበኞች ትዝ አሉኝ። አንደኛው ቴምብር የሚሰበስቡ የጡረታ መምህር ናቸው። ሁለተኛዋ ልብስ ሰፊ የነበሩና የድሮ ፎቶግራፍ የሚያጠራቅሙ ወይዘሮ ናቸው። ሦስተኛው ወጣት የባጃጅ አሽከርካሪ ነው፤ ጠገራ ብር ይሰበስባል። ስለ እነዚህ ፕሮግራሞች ሲከራከሩ ብዙ ጊዜ ሰምቻቸዋለሁ፤ ተስማምተው ሲነሡ ግን አላየሁም።

ወጣቱ ይወዳቸዋል። የሳንቲምን ፊቱን ብቻ ሳይሆን ጠርዙንም ማየት የተማረው ከእነሱ እንደሆነ አይደብቅም። የማርያ ቴሬዛ ምስል ባለበት ጠገራ ብር ላይ የተጻፈው 1780 (እ.ኤ.አ.) ማንንም እንደሚያሳስት ያውቃል፤ ንግሥቲቱ በዚያ ዓመት ስለ ሞተች ከዚያ በኋላ የታተመው ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዞ ነው የወጣው፤ የቪየናው ማተሚያ ቤት ዛሬም ያትመዋል። ስለዚህ «የሁለት መቶ ዓመት ብር ነው» ብሎ ለሚመጣ ሰው ዓመቱን ትቶ ሚዛኑን ያወጣል፤ ሃያ ስምንት ግራም ገደማ መሆን አለበት። ከዚያ በጠርዙ ላይ ጎላ ብሎ የተቀረጸውን የላቲን ጽሑፍ በጥፍሩ ይዳስሳል። በአሸዋ ቅርጽ ቀልጦ የተሠራ ሐሰተኛ ብር ብዙ ጊዜ የሚጋለጠው እዚያ ላይ ነው።

ወይዘሮዋ አይወዷቸውም። ቅሬታቸው ግን ሐሰት ነው የሚል አይደለም። «የአባቱን ሰዓት ሊሸጥ የመጣ ሰው ቸግሮት ነው የመጣው፤ ምን ያስቃቸዋል?» ይላሉ። መምህሩ በመሐል ናቸው። «ስቶሬጅ ዋርስ» ላይ ከሚጫረቱት አንዱ እ.ኤ.አ. በ2012 አዘጋጆቹ ዕቃ እየጨመሩ መጋዘኑን ያሳምሩታል ብሎ መክሰሱን፣ ጉዳዩም ከሁለት ዓመት በኋላ በስምምነት ማለቁን ያነሣሉ። ወዲያውም «ቢሆንም ልጆቹ ቴምብር ምንድን ነው ብለው መጠየቅ የጀመሩት ይህን ካዩ በኋላ ነው» ብለው ለፕሮግራሙ ይሟገታሉ። እኔ በልቤ የማደላው ለእሳቸው ነበር።

ከዝግጅቱ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ሦስቱም መጥተው ጠረጴዛውን ዞሩት። ሊቀ መንበሩ ሰዓቱን እያየ አብሯቸው ይሄዳል፤ ለእያንዳንዱ ዕቃ አምስት ደቂቃ መድቦ ነበር።

መጀመሪያ የቆሙት አንዲት ትንሽ የብራና ጸሎት መጽሐፍ ፊት ነው። ያመጣት ሰው ከአያቱ የወረሳት እንደሆነ ተናግሯል። እዚህ ላይ ክርክር ይነሣል ብዬ ነበር፤ አልተነሣም። መምህሩ ሳይነኳት «ይህቺ ለሐራጅ አትቀርብም» አሉ። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣውን አዋጅ ቁጥር 209/1992 ጠቀሱ፤ ቅርስ በእጁ ያለ ሰው ማስመዝገብ እንዳለበት፣ ያለ ፈቃድም ከአገር ማውጣት እንደማይቻል አስረዱ። በዕለቱ ከውጭ አገር የሚመጡ የቀድሞ ተማሪዎች እንደሚጋበዙ ሁላችንም እናውቃለን። ወጣቱ ደግሞ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2021 በእንግሊዝ አገር ከመቅደላ የተዘረፈ መጽሐፍ ቅዱስና የቀንድ ዋንጫዎች ለሐራጅ ሊቀርቡ ሲሉ በኤምባሲያችን ጥያቄ ከጨረታው መውጣታቸውን አስታወሰ። «እነሱን አትሽጡ ብለን እኛ እዚህ፣ ጣና አፍንጫ ሥር እንሽጥ?» ሲል ሊቀ መንበሩ ራሱ ሣቀ። ባለቤቷ በማግሥቱ መጥቶ ወሰዳት፤ እንዲያስመዘግባት ቢሮውን የጠቆሙት መምህሩ ናቸው።

ቀጥሎ የምሽቱ ዋና ዕቃ መጣ። አረንጓዴ የሩጫ ማሊያ ነው፤ ደረቱ ላይ በጥቁር ቀለም ፊርማ አለበት። ሊቀ መንበሩ ካርዱን ራሱ ነግሮ አጽፎኝ ነበር፦ «ማርሽ ቀያሪው ምሩፅ ይፍጠር በ1972 ዓ.ም. በሞስኮ ኦሊምፒክ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ወርቅ ሲያገኝ የለበሰው፣ በእጁ የፈረመበት።» ድሉ እውነት ነው። ስለ ማሊያው የሚመሰክር ግን ካርዱ ብቻ ነበር።

መምህሩ ስለ ፊርማው ብዙ ጠየቁ። ማን ፊት ተፈረመ? ፎቶ አለ? የሚነጻጸርበት ሌላ ፊርማስ? ሊቀ መንበሩ ትዕግሥቱ አለቀ። «ጋሼ፣ በቴሌቪዥን ባለሙያው ገብቶ፣ አይቶ፣ ዋጋውን ተናግሮ ይወጣል፤ እርስዎ ፍርድ ቤት አደረጉት።» መምህሩ አልተቆጡም። በአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ሐሰተኛ የስፖርት ፊርማ የሚሠሩ ሰዎችን ሲይዝ እማሆይ ቴሬዛ ፈረሙባቸው የተባሉ የቤዝቦል ኳሶች መገኘታቸውን አወሩለት። «እሳቸው ኳስ ላይ ሲፈርሙ ይታይህ» አሉት። ሊቀ መንበሩም ሣቀ፤ ሐሳቡን ግን አልለወጠም። «እንደሚባለው» የሚል ቃል ጨምሬ እንድጽፍ አዘዘኝ።

ነገሩን የጨረሱት ወይዘሮዋ ናቸው። ፊርማውን አንድ ጊዜም አላዩትም። ማሊያውን ገልብጠው ስፌቱን ዳበሱ፣ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ከጎኑ ውስጥ የተሰፋችውን ትንሽ የአጠባበቅ ምልክት አነበቡ፣ ከዚያ ለእኔ ሰጡኝ። «ልጄ፣ የአንቺ ዓይን ይሻላል። ምን ይላል?» ከፋብሪካው ስም በታች የድረ ገጹ አድራሻ ታትሟል። ድረ ገጽ የሚባለው ነገር ለሕዝብ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው፤ የሞስኮ ኦሊምፒክ በ1980። ምልክቱ ከስፌቱ ጋር አንድ ላይ የተሰፋ ስለሆነ በኋላ ተጨመረ ለማለትም አይመችም።

ማሊያውን የሰጡት ሽማግሌ እዚያው ነበሩ። ከብዙ ዓመት በፊት ከአንድ ሰው በውድ ዋጋ ገዝተውት ሳሎናቸው ውስጥ በመስታወት አድርገው ሰቅለውት ኖረዋል። ምንም አልተናገሩም፤ ማሊያውን አጠፉት፣ መልሰው ዘረጉት፣ እንደገና አጠፉት። በቴሌቪዥን ቢሆን ካሜራው ፊታቸው ላይ ይቆይ ነበር። ወይዘሮዋ ክንዳቸውን ይዘው ወደ በረንዳው አወጧቸውና ቡና አዘዙላቸው። እዚያ ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። ሲመለሱ ሽማግሌው «የእኔን ተዉት፤ ለቤተ መጻሕፍቱ በጥሬ ገንዘብ እሰጣለሁ» አሉ።

ሊቀ መንበሩ ግን ከእኔ ጋር ቀረ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ማሊያው ከወጣ አዳራሹ ምን ይላል? የፕሮግራሙ ነፍስ እኮ እሱ ነው። ዶሮቲ የምትባለው ገጸ ባሕርይ እ.ኤ.አ. በ1939ኙ «የኦዙ ጠንቋይ» ፊልም ላይ ካደረገቻቸው ቀይ ጫማዎች አንዱ ጥንድ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 ሠላሳ ሁለት ሚሊዮን ተኩል ዶላር መሸጡን ነገረኝ። መምህሩ ከኋላችን ሰምተው ኖሮ ገቡበት። በመዶሻው የተዘጋው ዋጋ 28 ሚሊዮን ነው አሉት፤ ቀሪው ገዢው ለሐራጅ ቤቱ የሚከፍለው ጭማሪ ነው፤ ሻጩ እጅ አይገባም። ደግሞም ያ ጫማ እ.ኤ.አ. በ2005 ከሙዚየም ተሰርቆ በ2018 ሲገኝ፣ በስሚዝሶንያን ሙዚየም ካለው ሌላ ጥንድ ጋር ጎን ለጎን ተመርምሯል። «ሚሊዮኑ የመጣው ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው፤ ቴሌቪዥኑ መጨረሻውን ብቻ ያሳይሃል» አሉት።

ይህን ስሰማ ለመምህሩ ማድላቴ ትክክል እንደነበር ገባኝ፤ ለፕሮግራሙ በሚሟገቱበት በኩል ግን ከእሳቸው ተለየሁ። ፕሮግራሞቹ ይዋሻሉ ከሚለው ክስ ይልቅ እኔን ያስቀየመኝ የሚቆርጡት ነው። ስልክ መደወሉን፣ ወረቀት ማገላበጡን፣ ሁለት ሳምንት መልስ መጠበቁን፣ «አላውቅም» ብሎ መመለሱን ቆርጠው ይጥሉታል። የቀረውን ያየ ሰው ሥራው አምስት ደቂቃ ይመስለዋል። የካርዱን አጻጻፍ ከየት ልውሰድ ብዬ ስጨነቅ ባንኮች በጋዜጣ የሚያወጡትን የሐራጅ ማስታወቂያ አውጥቼ አነበብኩ። መነሻ ዋጋ፣ በሲፒኦ (ባንክ ባረጋገጠው የክፍያ ማዘዣ) የሚያዝ ማስከበሪያ፣ ንብረቱን በአካል መጎብኘት የሚቻልበት ሰዓት። ደረቅ ነው፤ ግን ገዢው አስቀድሞ ሄዶ እንዲያይ ይጋብዛል። ካርዶቼን ሁሉ በዚያ ደረቅ ቋንቋ እንደገና ጻፍኳቸው። ዕቃው ምንድን ነው፣ ማን ሰጠው፣ ምን ማስረጃ አለው፣ ምን አልተረጋገጠም።

አራተኛዋን መስመር ያለ ጭንቀት ባዶ የተውኩት ለአንድ ዕቃ ብቻ ነው። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ በተከፈተው ፖሊ ቴክኒክ፣ ዛሬም ሰው «ፖሊ» በሚለው ግቢ፣ የተማሩ አንድ የጡረታ ቴክኒሻን ያመጡት የንድፍ መሣሪያ ሳጥን ነው። ውስጡ ሰማያዊ ከፋይ፣ ኮምፓሶች፣ በቀለም መስመር ማስመሪያ ብዕሮች፣ ክዳኑ ላይ የሩሲያ ፊደል። ክዳኑን ሲገለብጡት ግን ከታች በነጭ ቀለም የንብረት ቁጥር ተጽፎበታል። ወጣቱ ሳቁን ያዘ። መምህሩ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህ የመንግሥት ንብረት አይደለም?» ብለው ጠየቁ።

ቴክኒሻኑ ይህን ጥያቄ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲጠብቁ የኖሩ ይመስሉ ነበር። ከኮታቸው የውስጥ ኪስ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጡ። ዕቃው ከአገልግሎት ውጭ ሆኖ ከመዝገብ መሰረዙን፣ ለእሳቸውም በስጦታ መሰጠቱን የሚገልጽ፣ ቁጥሩን የጠቀሰ፣ ማኅተም ያለበት የርክክብ ሰነድ ነው። ሳጥኑን ከፊታቸው ዘርግተው ሲሠሩ የተነሡት ፎቶም አብሮ አለ። ወይዘሮዋ ፎቶውን ወደ መብራቱ አስጠግተው ብዙ ጊዜ ካዩት በኋላ ክዳኑ ላይ ያለችውን ጭረት በጣታቸው አሳዩን፤ ፎቶው ላይም አለች። ሦስቱ አሰባሳቢዎች አንድ ላይ ሲስቁ ያየሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው።

ሐራጁ የዋለበት ምሽት አዳራሹ ሞላ። ሳጥኑ ሲቀርብ መድረክ መሪው ካርዱን ከነወረቀቱ አነበበ፤ የጭረቷን ታሪክ ሲደርስ ሰው አጨበጨበ። ሁለት የቀድሞ ተማሪዎች ተፎካክረው ከመነሻው ብዙ እጥፍ አደረሱት። ያሸነፈው መሐንዲስ መጀመሪያ የጠየቀው «ወረቀቱም አብሮ ነው አይደል?» ብሎ ነው።

ከዚያ ድፎው ገባ። ይህን ዓይነት ጨረታ የሚያውቅ ሁሉ እንደሚገምተው፣ ያሸነፈ ሰው «በድጋሚ ይጫረትልኝ» እያለ ሲመልሰው አንዱ ዳቦ ደጋግሞ ተሸጠ። ያስገኘው ገንዘብ ከማስታወሻ ዕቃዎቹ ሁሉ ድምር በለጠ። ወጣቱ ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ «ይህ ዋጋ የዳቦው ዋጋ ነው?» አለኝ። የቴሌቪዥኑንም ዋጋ ከዚያ ወዲህ በዚህ ዓይን ነው የማየው፤ በዚያ ምሽት፣ በዚያ አዳራሽ፣ እልህ የተጋቡ ሁለት ሰዎች ያደረሱት ነው።

ሊቀ መንበሩ አዳራሹ መሙላቱን እንደ ድል ቆጥሮ በሚቀጥለው ዓመት ካሜራ አስገብቼ እደግመዋለሁ ብሏል። ወይዘሮዋ ዕቃዎቹ ከነወረቀታቸው ሁለት ወር ቀድመው ካልመጡ እንደማይገኙ፣ ካሜራውም የዕቃ ባለቤት ፊት ላይ እንዳይዞር ነግረውታል። እሱም ተስማማ፤ ድፎው እስካልቀረ ድረስ።