የ«ኝ» ነገር

በዚህ ሴሚስተር ለቡድሂዝም ፍልስፍና የተመደበልኝ ሁለት ክፍለ ጊዜ ነው። የ2,500 ዓመት ክርክር በአራት ሰዓት ጨርስ ማለት ነው። የመጀመሪያውን ሁለት ሰዓት ደግሞ ራሴ አበላሸሁት።

ገና እንደገባሁ ሰሌዳው ላይ «ሕይወት ስቃይ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ከኋላ የተቀመጠ አንዱ፣ «ቲቸር፣ ይሄንንማ እናውቀዋለን» አለ። ተሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሳቁ ሲያልቅ ግን አንድም ደብተር አልተከፈተም። ቡድሃ ማለት ሲያማርር የኖረ ሰውዬ ነው ብለው ፋይሉን ዘጉት።

ጥፋቱ የኔ ነው። ቡድሃ የተባለው ሲድሃርታ ጋውታማ «ስቃይ» አላለም። ያለው «ዱካ» ነው። (በእኛ ዱካ የእግር ኮቴ ስለሆነ ይሄም ሌላ ሳቅ ሆኖ ነበር።) ዱካ ውስጥ የጥርስ ሕመምም ሐዘንም አለ፤ ልክ ነው። ግን ሠርግም አለበት። ሙዚቃው እየተጫወተ፣ አንተም እየጨፈርክ፣ ነገ ድንኳኑ እንደሚነቀል የምታውቃት ያቺ ትንሽ ነገር ዱካ ናት። ከዚያም ጠለቅ ሲል፣ ማንኛውም ነገር በሌላ ነገር ላይ ተደግፎ የቆመ ስለሆነ ሙሉ በሙሉ ልትደገፈው አለመቻልህ ዱካ ነው። ይህን ሁሉ «ስቃይ» የሚለው ቃል አይሸከመውም። «መከራ»ማ ይብሳል።

ማታ ተኝቼ ሳሰላስል አያቴ ትዝ አለችኝ። ልጆቿ ከበዋት፣ ቡናው ተፈልቶ፣ አንድም ነገር ሳይጎድልባት ድንገት «ይቺ ዓለም ጎዶሎ ናት» ትል ነበር። አዝና አይደለም። ዝም ብላ፣ ዛሬ ብርድ ነው እንደሚባለው ነበር የምትለው። ሐሙስ ገብቼ «ጎዶሎነት» ብዬ ጻፍኩ። ደብተር ተከፈተ።

ዱካ ቡድሃ ካስተማራቸው አራት እውነቶች የመጀመሪያው ነው። ከአራቱ ለአማርኛ ምንም ያላስቸገረው ሁለተኛው ነው። የዱካ መነሻ «ታንሃ» ይባላል፤ የቃሉ ፍቺ ራሱ ጥማት ነው። ውሃ ጠማኝ፣ ዝና ጠማኝ፣ ሌላ ሰው መሆን ጠማኝ። ሦስተኛው እውነት ጥማቱ ሊቆም ይችላል ይላል፤ «ኒርቫና» ማለትም እንደ እሳት መጥፋት ነው። አራተኛው መንገዱ ነው። ስምንቱን የመንገዱን ክፍሎች ለፈተና እንደሚሸመድዷቸው ስለማውቅ ብዙ አልቆየሁባቸውም።

አንዲት ተማሪ፣ «ታዲያ ይሄ መክብብ ላይ ያለው 'ሁሉ ከንቱ ነው' አይደል?» አለች። ጥያቄው ደስ ይላል፤ ያስፈራኛልም። ቶሎ «ያው ነው» ያልነው ነገር ላይ ማሰብ እናቆማለና። ስለዚህ የበራላምንና የይዋስፍን ታሪክ አነሳሁላቸው።

በግእዝ ያለ መጽሐፍ ነው። የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ አባ ዕንባቆም፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1553 ከዐረብኛ መለሱት። አንድ ንጉሥ ልጅ ይወልዳል። ልጁ ዓለምን ይተዋል የሚል ትንቢት ስለሰማ ችግር እንዳያይ በቤተ መንግሥት ይዘጋበታል። ልጁ ግን አንድ ቀን ይወጣል፤ በሽተኛ ያያል፣ ሽማግሌ ያያል፣ ሞት እንዳለ ይሰማል። በራላም የሚባል መናኝ መጥቶ ያስተምረዋል፤ ክርስቲያን ይሆናል፤ ይመንናል።

እዚህ ስደርስ ሁለት ሦስት ልጆች ቀና አሉ። ሰኞ ከነገርኳቸው ከሲድሃርታ ልጅነት ጋር አንድ ሆነባቸዋ። አዎ፣ እሱው ነው። ታሪኩ ከህንድ ወጥቶ፣ በፋርስ አልፎ፣ ዐረብኛ ሆኖ፣ አንዱ ቅርንጫፍ በጆርጂያና በግሪክ ቋንቋ አውሮፓ ገባ። ስሙም አብሮ ተጓዘ፤ «ቦዲሳትቫ» (ቡድሃ ለመሆን መንገድ ላይ ያለ ማለት ነው) በዐረብኛ «ቡዳሳፍ» ነበር። በዐረብኛ ጽሕፈት ቃል ሲጀምሩ «ብ»ን ከ«ይ» የሚለያቸው አንድ ነጥብ ብቻ ነው። ነጥቧ ተዛባችና «ዩዳሳፍ» ሆነ፤ እኛ ጋ ሲደርስ ይዋስፍ። በአንዲት ነጥብ ምክንያት ሰውዬውን ሳናውቀው አስተናገድነው።

ያች ተማሪ ግን የምትዋዛ አይደለችም። «ታሪኩ ደርሶናል፤ ፍልስፍናውስ?» አለችኝ። እሱማ መንገድ ላይ ቀረ። ልዑሉ፣ ግቢው፣ በሽተኛው ሁሉም ደርሰዋል፤ ያልደረሰው ከሁሉም የሚከብደው ነው። «አናታ» ይሉታል፤ «እኔ» ብለን የምንጠራው ቋሚ ነገር የለም ማለት ነው።

ይህን ለማስረዳት ሁሉም መምህር የሚሄድበትን መንገድ ሄድኩ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ዓመት በሰሜን ምዕራብ ህንድ የነገሠ ሚናንደር የሚባል ግሪክ ነበር፤ ቡድሂስቶቹ ሚሊንዳ ይሉታል። ናጋሴና ከሚባል መነኩሴ ጋር ሲከራከር መነኩሴው፣ «በምን መጣህ?» ይለዋል። «በሠረገላ።» «ሠረገላው ጎማው ነው? ዘንጉ ነው? ቀንበሩ ነው?» ንጉሡ ሁሉንም አይደለም ይላል። ሠረገላ ለክፍሎቹ ጥምረት የተሰጠ ስም ነው። «ናጋሴና» የሚለውም ስም እንደዚያው ለአካል፣ ለስሜት፣ ለመለየት፣ ለዝንባሌና ለንቃት ስብስብ የተሰጠ መጠሪያ ነው። ክፍሉ ሠረገላውን ወዲያው ወደ ባጃጅ ቀየረው፤ ተመቸኝ።

ግን አላመኑም። ፊታቸው ላይ ይታያል። ሰዓቱን አየሁ፤ ወደ ስድስት ተኩል ነው፤ ሆዴ ጮኸ። ከአፌ «ራበኝ» የሚል ወጣ።

ቀልድ አልነበረም፤ ግን ቃሉ ራሴን አስደነገጠኝ። «ራበኝ» ስንል የራበው ማን ነው? እኔ አልራብኩም፤ ራበ-ኝ። አንድ «እሱ» መጥቶ የራብነት ሥራውን ሠርቶብኛል። ጠማኝ፣ በረደኝ፣ አመመኝ፣ ደከመኝ፣ ታከተኝ። እንግሊዝኛ «እኔ» ብሎ የሚጀምረውን እኛ በሁነቱ እንጀምረዋለን። ቡድሃም ስሜት ይነሳል፣ ይቆያል፣ ያልፋል ነው የሚለው፤ ከጀርባው የሚሠራ ባለቤት አትፈልግ። ለእኔ አማርኛ ግማሹን መንገድ አስቀድሞ የሄደ መሰለኝ። ክፍሉም ሞቀ፤ አንዱ «አስነጠሰኝ!» ብሎ ጮኸ።

ከዚያ ያ ሰኞ ዕለት ያሳቀው ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ 'ኝ' አለች እኮ። እሷ ማን ናት?»

ዝም አልኩ። ትክክል ነው። «እሱ»ን ብናባርረው «ኝ» ቃሉ መጨረሻ ላይ ተጣብቃ ቀርታለች። ቡድሂስት ቢሆን፣ እሷም የተደጋገመ ልማድ ስም ናት፤ ስትይዛት አትገኝም ይላል። ሌላው ደግሞ፣ ይኸው ነፍስ አለች ይላል። ናጋሴናን መልሼ ጠራሁት፦ ወተት እርጎ ይሆናል፣ እርጎው ቅቤ፣ ቅቤው ንጥር ቅቤ። ንጥሩ ወተት ነው? አይደለም። ከወተቱ የተለየ ሌላ ነገር ነው? እሱም አይደለም። ዛሬ ያለችው «ኝ»ና የልጅነቴ «ኝ» እንዲሁ ናቸው ለማለት ሞከርኩ። ልጁ ጭንቅላቱን ነቀነቀ፤ በመስማማት ይሁን በመታዘብ አላወቅሁም። ሰዓቱ አለቀ።

ዛሬ ማታ ፈተናውን አወጣሁ። አራቱ እውነቶች፣ ሠረገላው፣ አንዲት ነጥብ። መጨረሻ ላይ «'ራበኝ' በሚለው ቃል ውስጥ 'ኝ' ማን ናት? አስረዳ/አስረጂ» ብዬ ጨመርኩ። መጀመሪያ 5 ማርክ ሰጠሁት። የመልስ መመሪያውን ለመጻፍ ስቀመጥ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቱንም ሰረዝኩ። ከዚያ ጥያቄውን 10 አደረግሁትና ተኛሁ።