መብራት የሄደ ማታ

ትላንት ማታ ደብረ ማርቆስ ጓደኛዬ ቤት ቢቪስ ኤንድ በትሄድ የሚባሉትን ልጆች የ1996 (እ.ኤ.አ.) ካርቱን ፊልም እያየን ነበር፣ ሁለቱ ጓደኛሞች ቲቪያቸው ተሰርቆ ፍለጋ ሲወጡ እኛ በሳቅ ፍርስ ብለን ሳለ ድንገት መብራት ሄደ።

ዝም። 4 ሰዎች ነን፣ አራታችንም የጠቆረው ስክሪን ላይ አፍጥጠን ቀረን፣ እናቱ ሻማ አምጥተው ከጀርባችን ጠረጴዛው ላይ ሲያደርጉ እንኳን ዞር ያለ የለም! «ምነው ልጆቼ፣ ተጣላችሁ እንዴ?» አሉን። በጣም ነው የከነከነኝ፣ በየሳምንቱ እየተገናኘን ለካ የምንተያየው ከቲቪው ጋር ነው።

ከዛ ቡና ተፈላ፣ ወሬ መጣ፣ አንዱ ጓደኛችን አባቱ ከታመሙ 3 ወር እንደሆናቸው የነገረን ያኔ ነው። በየቅዳሜው አጠገቤ እየተቀመጠ እኮ! ነገ ጠዋት ሁላችንም ልንጠይቃቸው ደጀን እንወርዳለን።