የሚከራይ ክፍል

ዛሬ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ደብረ ብርሃን ውስጥ የሚከራይ ክፍል ስንፈልግ ዋልን። ሦስተኛው ግቢ ላይ በዋጋ ተስማማን፤ ባለቤቷ ቡና ሊያፈሉልን ረከቦቱን ጠጋ አደረጉ። ወንድሜ ግን መዋሸት አይሆንለትም። «እማማ፣ የአእምሮ ሕመም አለብኝ፤ በየወሩ መርፌ እወጋለሁ፤ አሁን ደህና ነኝ» አላቸው። የሚቆሉት ቡና እስኪያርር ዝም አሉ። ከዚያ «ውይ ልጄ፣ ለካ ክፍሉን ለእህቴ ልጅ ቃል ገብቼለት ነበር» አሉ። ቡናው ግን ቀረበ፤ ሁለተኛውንም ጠጣን። ክፉ ሴት አይደሉም፤ እኔን ያበሸቀኝም ይኸው ነው።

አዲስ አበባ ተኝቶ ታክሟል፤ ጻድቃኔ ማርያምም ጠበል ገብቷል። መድኃኒቱንም አላቋረጠም። እናታችን ግን ዛሬም ሌሊት እየተነሣች በሩ ላይ ጆሮዋን ትለጥፋለች። የሃያ አራት ዓመት ጎልማሳ እንዲህ ሲጠበቅ እንዴት ይድናል?

በሌላ አገር በሆስፒታል አልጋና በእናት ቤት መካከል የሚሆን ቤት አለ። ጥቂት ወጣቶች አብረው ይኖራሉ፤ ለየራሳቸው ክፍልና ቁልፍ አላቸው፣ ማዕድ ቤቱ የጋራ ነው። አንድ ባለሙያ እየተመላለሰ መድኃኒቱንና ቀጠሮውን ይከታተላል፤ ምግብ ማብሰሉንና ገንዘብ መያዙን ያለማምዳል። በቤልጂየም ጌል የምትባል ከተማ ደግሞ ነዋሪዎቹ ሕሙማንን በየቤታቸው ማኖር ከጀመሩ ብዙ መቶ ዓመታት ተቆጥረዋል። እኛም እኮ እንግዳ ማሳደር ከማንም አንማርም ነበር!

ወደ ጠባሴ ስንመለስ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። «ነገ ምንም ሳልናገር ልከራይ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ጋቢዬን አካፈልኩት።