የገዛ ደሜን ለክርኔም ለፀጉሬም ተወግቼ የተማርኩት

ፒአርፒ የሚባለውን መርፌ በሁለት ምክንያት ተወግቻለሁ። መጀመሪያ ለክርኔ፣ ኋላ ለፀጉሬ። ይህን የሰማ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ "ሠራልሽ?" መልሱ "አዎ" ወይም "አይ" ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ።

ነገሩ ምን እንደሆነ ልበል። ደማችን ውስጥ ፕሌትሌት የሚባሉ በጣም ጥቃቅን ሕዋሳት አሉ። ሲቆርጠን ደሙን የሚያረጉት እነሱ ናቸው። በጤነኛ ሰው አንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ከ150 ሺህ እስከ 450 ሺህ ይገኛሉ። ሥራቸው ግን ማርጋት ብቻ አይደለም። ግሮውዝ ፋክተር የሚባሉ ፕሮቲኖችን በውስጣቸው ይዘዋል፤ ጉዳት ያለበት ቦታ ሲደርሱ ይለቋቸዋል። ፕሮቲኖቹ ደግሞ የጥገና ሕዋሳትን ይጠራሉ፣ አዲስ የደም ሥር እንዲበቅል ይገፋፋሉ። የፒአርፒ ሐሳብ ከዚህ የመጣ ነው። ደም ይቀዳል፣ ሴንትሪፊውጅ በሚባል ማሽን በፍጥነት ይሽከረከራል፣ ፕሌትሌት የበዛበት ፕላዝማ (ቢጫው የደም ፈሳሽ፤ ፒአርፒ የእንግሊዝኛ ምህጻሩ ነው) ይለያል፣ ከዚያ የታመመው ቦታ ላይ ይወጋል።

ብዙ ሰው አዲስ ግኝት ይመስለዋል። ነገሩ ግን ቆየት ብሏል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የደም ሐኪሞች ፕሌትሌት ላነሳቸው ታማሚዎች የሚሰጡትን ፕላዝማ በዚሁ ስም ይጠሩት ነበር። በ1998 ሮበርት ማርክስ የተባለ የመንጋጋ ቀዶ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ለመንጋጋ አጥንት ንቅለ ተከላ ተጠቅሞበት ውጤቱን አሳተመ። ዝናውን ያመጡት ግን ስፖርተኞች ናቸው። የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋቹ ሃይንስ ዋርድ በ2009 ከሱፐር ቦውል፣ ከሊጉ የፍጻሜ ጨዋታ፣ በፊት ጉልበቱን ተወግቶ ሜዳ ገባ፤ ወሬው ዓለምን አዳረሰ። የዓለም ፀረ አበረታች መድኃኒት ኤጀንሲ እንኳ በ2010 ጡንቻ ውስጥ መወጋቱን ከልክሎ፣ በዓመቱ ክልከላውን አነሳው። እኔ የስፖርተኛ ምስክርነት ብዙም አያሳምነኝም። ስፖርተኛ ከመርፌው ሌላ ፊዚዮቴራፒስት አለው፣ አሠልጣኝ አለው፣ ማረፊያ ጊዜ አለው። የትኛው እንዳዳነው በምን ይታወቃል?

ወደ ክርኔ ልመለስ። ሕመሙ በውጪ በኩል ነበር። የተሞላ ኩባያ ሳነሳ፣ በር ስከፍት፣ ሰው ስጨብጥ ይወጋኛል። ሐኪሙ በጣቱ አንዷን ነጥብ ሲጫናት ከወንበሬ ዘልዬ ተነሳሁ። "ቴኒስ ኤልቦ ነው" አለኝ። ቴኒስ ተጫውቼ አላውቅም። የኔ ቴኒስ ማውስ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ። የክንድን ጡንቻ ከክርን አጥንት ጋር የሚያያይዘው ጅማት ሲደክምና ሲጎዳ የሚመጣ ነው።

መጀመሪያ የታዘዘልኝ እንቅስቃሴና ትዕግሥት ነበር። ጅማቱ ቀስ እያለ ክብደት እንዲለምድ የሚያደርግ ሥልጠና ነው። እሱን ሳልጨርስ መርፌ አላሰብኩም፤ ማንም ቢሆን ከዚህ ቢጀምር ደስ ይለኛል። ወራት አልፈው ሕመሙ አልለቅ ሲለኝ ስለ መርፌ ተነጋገርን። ያኔ ኮርቲዞን የሚባለው ብግነት አብራጅ መርፌ ቶሎ ያስታግሳል ሲባል ሰምቼ ነበር። እውነት ነው፣ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ያስታግሳል። ችግሩ በዓመቱ ሲታይ ነው፦ በጥናት የተወጉት ካልተወጉት ይልቅ ብሶባቸው፣ ሕመሙም ተመልሶባቸው ተገኝተዋል። እሱን ተውኩት።

ስለ ፒአርፒ መጠየቅ የጀመርኩት ያኔ ነው። ቶሎ የገባኝ ነገር፣ ፒአርፒ የሚባል አንድ መድኃኒት እንደሌለ ነው። ፓራሲታሞል የትም ብትገዙ ፓራሲታሞል ነው። ይኼ ግን እንደ ማሽኑ፣ እንደ ቀጂው፣ እንደ ደሙ ባለቤት ይለያያል። አንዱ ደሙን አንዴ ያሽከረክራል፣ አንዱ ሁለቴ። አንዱ ነጭ የደም ሕዋሳቱን አብሮ ይወስዳል፣ ሌላው ያስቀራቸዋል። የፕሌትሌቱ ክምችት ከተለመደው እጥፍ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ አምስት እጥፍም ሊሆን ይችላል። ስሙ ግን ያው ነው። ጥናቶቹ እርስ በርስ የሚጣረሱበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

አንድ ቦታ ስልክ ደውዬ "ነጭ ሕዋሳቱን ታስቀራላችሁ ወይ?" ብዬ ጠየቅሁ። "እህቴ፣ ሁሉም አንድ ነው፤ ነገ ብትመጪ ቅናሽ አለን" አሉኝ። አመስግኜ ዘጋሁ። ሌላው ሐኪም ግን ጥያቄዬን ሳይሰለች መለሰ። ምን ያህል ደም እንደሚቀዳ፣ ስንት ጊዜ እንደሚሽከረከር፣ በአልትራሳውንድ እያየ እንደሚወጋ ነገረኝ። ቀድሞም የደም ቆጠራ አዘዘልኝ። ፕሌትሌቴ ዝቅ ያለ ከሆነ ነገሩ ከንቱ ድካም ነዋ። ካንሰር፣ የደም መርጋት ችግር፣ ኢንፌክሽን፣ እርግዝና እንዳለብኝም ጠየቀኝ። አይቡፕሮፌን፣ ዲክሎፌናክ የመሳሰሉትን ከመርፌው በፊትም በኋላም እንዳልነካ አስጠነቀቀኝ፤ የፕሌትሌቱን ሥራ ያደናቅፋሉ። አስፕሪንም እንደዚያው ነው። ግን ለልብ የታዘዘለት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር በገዛ እጁ እንዳያቆም።

በቀጠሮው ቀን ነርሷ ደም ሳትቀዳ በፊት ቲዩቡ ላይ ስሜን ጻፈችና አስነበበችኝ። ያኔ ትንሽ ነገር መሰለኝ፤ ለምን እንደማነሳው ወደ ኋላ ታያላችሁ። ደሙ ቲዩብ ውስጥ እንዳይረጋ የሚያደርግ ፈሳሽ አለበት። ማሽኑ አጉረመረመ፣ ቆመ። ቲዩቡ ሲወጣ ደሜ ለሦስት ተከፍሏል። ታች ጥቁር ቀይ፣ ላይ ቢጫ፣ በመሃል እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳች ነጣ ያለች ሽፋን። ፕሌትሌቱ ከዚያች ሽፋን አካባቢ ነው። ሐኪሙ በረጅም መርፌ ቀስ ብሎ ወደ ሽፋኗ ተጠግቶ ሲስብ አየሁት። ትንፋሹን ይዟል። ትንሽ ወረድ ቢል ቀዩን ይስባል፣ ከፍ ቢል ደግሞ ተራ ፕላዝማ ነው የሚያገኘው። "ማሽኑ ነው የሚሠራው" የሚሉ ሰዎች ይህን ቢያዩ ጥሩ ነበር። ያ ሁሉ ደም ተቀድቶ መጨረሻ ላይ የተገኘው ጥቂት ሚሊ ሊትር ነው።

መርፌው ያማል። ልዋሽ አልፈልግም። ማደንዘዣውን ቆዳው ላይ ብቻ ነው ያደረገልኝ፤ ከፕላዝማው ጋር ቢቀላቀል ፕሌትሌቱን ሊያዳክም ይችላል አለ። ከዚያ መርፌውን ሳያወጣ ጅማቱን ደጋግሞ ወጋጋው። ጥርሴን ነክሼ ጣሪያውን አየሁ። ማታ ደግሞ ከመጀመሪያው ሕመም የባሰ መጣ። ይህ የሚጠበቅ ነው፤ ሰውነት እንዲቆጣ ነው የተፈለገው። ፓራሲታሞል ዋጥኩ፣ እጄን አሳረፍኩ፣ ሲበርድልኝ ወደ ፊዚዮቴራፒው ተመለስኩ።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለውጥ? ወፍ የለም። ቀስ በቀስ ግን ኩባያው ቀለለኝ። በወራት ውስጥ ሕመሙን ረስቼ ሰው መጨበጥ ጀመርኩ።

ታዲያ ሠራ ማለት ነው? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚወሳሰበው። ቴኒስ ኤልቦ በአብዛኛው ሰው ላይ በዓመት ግድም በራሱ ይሻላል። በ2014 የታተመ 230 ሰው የተሳተፈበት ጥናት፣ በ24ኛው ሳምንት በፒአርፒ ከተወጉት 84 በመቶ ያህሉ እንደተሻላቸው፣ ያለ ፒአርፒ ከተወጉት ደግሞ 68 በመቶ ያህሉ እንደተሻላቸው አሳየ። ልብ በሉ፤ ፒአርፒ ያላገኙትም አብዛኞቹ ተሽሏቸዋል። በ2021 ደግሞ የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግመው ኮክሬን የተባለ ድርጅት ብዙ ጥናቶችን ሰብስቦ መርምሮ፣ ለክርን ሕመም ይህ ነው የሚባል ጥቅም የለውም የሚል ድምዳሜ ላይ ደረሰ። እኔ ድኛለሁ። ያዳነኝ ደሜ ይሁን፣ ሥልጠናው ይሁን፣ ጊዜው ይሁን ለይቼ መናገር አልችልም። ለይቼ አውቃለሁ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ጠርጥሩ።

ፀጉሬ ሌላ ታሪክ ነው። መሃል ላይ የምከፍልበት መስመር እየሰፋ መጣ። እዚህ ላይ ማንም ሰው መርፌ ከማሰቡ በፊት ምክንያቱ ይታወቅለት። የቆዳ ሐኪሟ ጭንቅላቴን በማጉያ አይታ፣ የብረት ክምችትና የታይሮይድ ምርመራ አዘዘች። ፀጉር በብረት እጥረት፣ በታይሮይድ፣ በወሊድ፣ በከባድ ሕመም ማግስትም ይረግፋል። እነዚያ ምክንያቱ ሲታከም ወይም ጊዜው ሲያልፍ ይመለሳሉ፤ የፕላዝማ ወጪ አያስፈልጋቸውም። ሥሩ ሞቶ ቆዳው ያንጸባረቀ ቦታ ላይ ደግሞ የሚቀሰቀስ ነገር የለም። የኔ በዘር የሚመጣው መሳሳት ሆነ። ፒአርፒ በፀጉር በኩል የተሻለ ተስፋ የሚሰጠው ለእንዲህ ዓይነቱ ነው፤ እሱም ገና ሲጀምር።

እሷም ቢሆን ያስጀመረችኝ ፀጉር ላይ በሚቀባው መድኃኒት፣ በሚኖክሲዲል ነው። "ፒአርፒው ማገዣ ነው፤ ዋናውን አይተካም" አለችኝ። የተለመደው አሠራር በወር ልዩነት ሦስት ጊዜ ተወግቶ፣ ከዚያ በየስድስት ወሩ ወይም በየዓመቱ መድገም ነው። ይህን "መድገም" የሚለውን ማስታወቂያዎቹ አያነሱትም። ካቆማችሁ በዘር የመጣው መሳሳት ሥራውን ይቀጥላል። ስለዚህ ወጪውን የዓመታት አድርጋችሁ አስሉት።

ጭንቅላት ላይ የሚወጋው በብዙ ትንንሽ መርፌ ነው። ከኋላ ይቻላል፤ ግንባር አጠገብ ሲደርስ ግን እንባ ያስመጣል። የረዳኝ ነገር ፎቶ ነው። ያው መብራት፣ ያው መስታወት፣ ፀጉሬ ደርቆ፣ መስመሩ እዚያው ቦታ ላይ ተከፍሎ። ያለዚያ ዓይን ያታልላል። ክሊኒኮች የሚለጥፉትን "በፊት እና በኋላ" ፎቶ ስታዩ መብራቱን ተመልከቱ፤ ብዙ ጊዜ የተለወጠው እሱ ነው። የኔ ፎቶዎች መስመሩ በመጠኑ እንደጠበበና ፊት ለፊት እንደሞላ ያሳያሉ። በመጠኑ ነው ያልኩት። ሚኖክሲዲሉን አብሬ ስለምቀባ ምስጋናውን ለሁለቱ አካፍያለሁ።

ለፊትስ? ኪም ካርዳሺያን በ2013 ፊቷን በደም ተቀብታ ፎቶዋን ከለጠፈች ወዲህ በፒአርፒ ስለሚደረገው የፊት ሕክምና፣ ስለ "ቫምፓየር ፌሻል"፣ ያልሰማ የለም። ለእኔም ከፀጉሩ ጋር አብሬ እንዳደርገው ሐሳብ ቀርቦልኝ ነበር። እንቢ አልኩ። ለብጉር ጠባሳ በጥቃቅን መርፌ ከመበሳት ጋር ሲደረግ ይረዳል የሚሉ ጥናቶች አሉ፤ እኔ ጠባሳ የለኝም። ዓይን አካባቢ ተወግተው ዓይናቸው የጠፋ ሰዎች በሕክምና ጽሑፍ ተመዝግበዋል፤ ብርቅ ነው፣ ግን አለ። ለመጨማደድ ብዬ ያን አልሞክርም።

የቲዩቡን ስም ያነሳሁት ለዚህ ነው። በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ግዛት በ2018 የተዘጋ አንድ ፈቃድ የሌለው ስፓ ነበር። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በ2024 ባወጣው ዘገባ፣ እዚያ ይህንኑ የፊት ሕክምና ያደረጉ ሴቶች ኤች አይ ቪ እንደያዛቸው ተረጋገጠ። መርማሪዎች ሲገቡ ያገኙት ስም ያልተጻፈባቸው የደም ቲዩቦች፣ ከምግብ ጋር ማቀዝቀዣ ውስጥ የተቀመጠ ደም፣ በየመሳቢያው የተበተነ ሲሪንጅ ነው። "የራስ ደም ስለሆነ አደጋ የለውም" የሚባለው ደሙ በእርግጥ የራስ እስከሆነ ድረስ ነው። ስለዚህ ስማችሁ ሲጻፍ እዩ። መርፌው ከማሸጊያው ሲወጣም እዩ። ማንም ቢቆጣችሁ እዩ። "በኤፍዲኤ የጸደቀ" የሚለውም ማስታወቂያ አያታልላችሁ፤ ይህ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ተቋም የሚፈቅደው ደሙን የሚያዘጋጁትን መሣሪያዎች ነው፣ ያውም በዋናነት ከአጥንት ንቅለ ተከላ ጋር ለሚቀላቀል።

አሁን ተራው የእናቴ ጉልበት ሆኗል። የኔን ክርን አይታ "ለእኔም ይወጋልኝ" ትላለች። የሷ የመገጣጠሚያ መበላት ነው። በ2021 አውስትራሊያ ውስጥ 288 ሰው የተሳተፈበት ጥናት ታትሟል፤ ፒአርፒ የተወጉትና የጨው ውሃ የተወጉት በዓመቱ ሲለኩ በሕመምም፣ በልስልስ አጥንቱ መጠንም ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። ሌሎች ጥናቶች ደግሞ ጥቅም አየን ይላሉ። ይህን ስነግራት "አንቺን አድኖ እኔን ይጠላኛል?" አለችኝ። ለጊዜው የጭን ጡንቻዋን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ጀምራለች፣ እያጉረመረመችም ቢሆን። ሐኪም ቤት የምትጠይቃቸውን ጥያቄዎች ግን ከስልኬ አስገልብጣ በወረቀት ይዛለች።